ሞተሩ ሲጠፋ ቴፑ እንዲሠራ ሽቦውን መቀየር፦ ለማደሪያነት የተዘጋጀ ሃይሩፍ

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና የውኃ በርሜል ተገጥሞለት ለማደሪያነት የተዘጋጀ የናፍጣ ቶዮታ ሃይሩፍ አለኝ። አብዛኛውን ጊዜ እንግዶችን ይዤ በሐይቅ፣ በወልድያና በላሊበላ መስመር የምሠራበት ሲሆን፣ መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 29 ደግሞ ለላሊበላ ገና ስንሄድ ማደሪያ እንደ ልብ ስለማይገኝ እዚያው መኪናው ውስጥ እናድራለን። ያስቸገረኝ ቴፑ ነው፤ ቁልፉ ካልተከፈተ በቀር አይሠራም፤ ቁልፉን ከፍቼ እንዳላዳምጥ ደግሞ የሞተሩ ባትሪ ወርዶ ሌሊቱን በብርድ ግፉኝ እያልኩ እንዳልለምን እሰጋለሁ።

ከአልጋው ሥር ለመብራትና ለስልክ ቻርጅ የሚያገለግል ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሁለተኛ ባትሪ አለ። ቴፑ መኪናው ሲቆም ከዚህ ባትሪ እንዲሠራ፣ ስነዳ ግን እንደ ወትሮው በቁልፉ እንዲበራና እንዲጠፋ እፈልጋለሁ። ቴፑ የፋብሪካው ሳይሆን በኋላ የተገጠመ ባለ ዩኤስቢ ነው። አንድ ባለሙያ «ቀዩንና ቢጫውን አንድ ላይ እሰራቸውና ጨርስ» ብሎኛል። ነገሩ በእርግጥ ይህን ያህል ቀላል ነው ወይ?

ወልድያ መስመር

አብሽር ወንድሜ፣ የተነገረህ ነገር መሠረት አለው። በኋላ በሚገጠሙ ቴፖች ላይ ቢጫው ሽቦ ቁልፍ ቢዘጋም የማይቋረጠውን 12 ቮልት የሚቀበል ሲሆን፣ ሰዓቱና የመረጥሃቸው ጣቢያዎች የማይጠፉት በእርሱ ነው። ቀዩ በቁልፍ የሚመጣው ነው። ጥቁሩ ማሳ (ኃይሉ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት) ነው። ቀዩን ከቢጫው ጋር ስታስረው ቴፑ ቁልፉ ሁልጊዜ የተከፈተ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በራሱ መጫኛ ታበራዋለህ፣ በራሱ መጫኛ ታጠፋዋለህ። በዚህ መንገድ የሚሠሩ ሾፌሮች ብዙ ናቸው።

ጉዳቱ መርሳት ነው፤ ሳታጠፋው ከወረድክ ለራሱ ሲያወራ ያድራል። አንዳንዱ ቴፕ ደግሞ በመጫኛው ብታጠፋው እንኳ ቀዩ ላይ ኃይል እስካለ ድረስ ሰዓቱን እያሳየ በቆመበት የሚበላው ከፍ ይላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይተኛም።

የደሴ ኤሌትራውቶ

ከላይ የተሰጠው መልስ ስለ ሽቦዎቹ ትክክል ነው፤ ጠያቂው ግን ሁለተኛ ባትሪ አለኝ ብሏል፤ አደጋው የሚመጣውም ከዚያ በኩል ነው። «ቀዩን ከቢጫው እሰር» የሚል ሰው መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ የሚታሰሩት በቴፑ በኩል ነው ወይስ በመኪናው በኩል የሚለው ነው።

ከቴፑ ጀርባ የሚወጣው ሽቦ ከመኪናው ሽቦ ጋር በሶኬት ይገናኛል። የመኪናውን ቢጫ (የማይቋረጠውን) ሳትፈታ ከአልጋው ሥር የመጣውን ፖዘቲቭ እዚያው ላይ ብትደርብበት፣ ሁለቱን ባትሪዎች በቀጭን የቴፕ ሽቦ አገናኘሃቸው ማለት ነው። ማታ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ፤ እንዲለይልህ የፈለግከው የሞተሩ ባትሪ አልተለየም። ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ሲዞር ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚጠይቅ ከፊሉን በዚያች ቀጭን ሽቦ ከሁለተኛው ባትሪ ይስባል፤ ፊውዝ ካለ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ፊውዝ ከሌለ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ይሆናል።

ቀዩም እንደዚሁ ነው። የመኪናው የቁልፍ መስመር የቴፑ ብቻ አይደለም፤ የሲጋራ መለኮሻውም ሆነ በዚያ መስመር ላይ ያሉ ሌሎች ነገሮች የሚሠሩት በእርሱ ነው። ከሁለተኛው ባትሪ ኃይል ወስደህ ቀዩ ላይ ስታሳርፈው ኃይሉ ወደ ቴፑ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ተመልሶ መስመሩን በሙሉ ይቀሰቅሰዋል። ቁልፉ በኪስህ እያለ መለኮሻው ላይ የተሰካ ቻርጀር ሲበራ ያየህ እንደሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ላይ ከሚታዩት ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ወደ ኋላ መመለስ ነው እንጂ ከቴፑ አይደለም።

ስለዚህ የምመክርህ አሠራር የሚከተለው ነው። የመኪናውን ቢጫ ከቴፑ ላይ ሙሉ በሙሉ ፈትተህ ጫፉን በፕላስተር ሸፍነህ ተወው። የቴፑን ቢጫ ከአልጋው ሥር ካለው ባትሪ ፖዘቲቭ በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ አምጣው፤ ፊውዙን ከቴፑ ዘንድ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ፣ ቢበዛ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ አድርገው። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ነው፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ክፍል የመኪናውን ብረት ነክቶ ቢላጥ የሚያቋርጠው ነገር የለም።

ለቀዩ ሁለት ምንጭ ስጠው፤ አንዱ የመኪናው የቁልፍ ሽቦ፣ ሌላው ከአዲሱ ቢጫ ላይ ተቀንሶ በዳሽቦርዱ ላይ በምትተክላት ትንሽ ማብሪያ የሚያልፍ። ሁለቱ ቀዩን ከማግኘታቸው በፊት በየራሳቸው አንድ አንድ ዳዮድ ይለፉ፤ የዳዮዱ ነጭ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ቴፑ ይዙር። ዳዮድ እንደ አንድ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ ከሁለቱም ወደ ቴፑ ይገባል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ግን አይመለስም። እየነዳህ ከሆነ ቁልፉ ያበራዋል፤ ቆመህ ከሆነ ማብሪያዋ ታበራዋለች። 1ኤን4007 የሚባለው ዳዮድ 1 አምፔር ይሸከማል፤ በአዳዲስ ቴፖች ላይ ቀዩ «ተነሣ» የሚል ምልክት ብቻ ስለሆነና ዋናው ኃይል በቢጫው ስለሚገባ ይህ ይበቃል።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ነገሩ ገባኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ከመኪናው በኩል የሚመጡት ሽቦዎች ቀለም ከቴፑ ጋር አይገጥምም፤ ግራጫ፣ ቡናማና ቢጫ መሥመር ያለበት ሰማያዊ ናቸው። ሁለተኛ፣ ማሳውን ከየት ላምጣ? ሁለተኛው ባትሪ ኔጌቲቩ ከመኪናው አካል ጋር በቀጥታ የተገናኘበትን ቦታ አላየሁም፤ መብራቶቹ ሁለት ሁለት ሽቦ ይዘው ቀጥታ ወደ እርሱ ነው የሚሄዱት።

የደሴ ኤሌትራውቶ

በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ ቢጫ መሥመር ያለበት ሰማያዊ የማይቋረጠው ነው፤ ግራጫው የቁልፉ ነው፤ ቡናማው ማሳ ነው፤ አረንጓዴ ካገኘህ የመብራት ነው። ሆኖም ሃይሩፍ በየእጁ ሲያልፍ ሽቦው ስንት ጊዜ እንደተቀጠለ አይታወቅምና በቀለም ብቻ አትመን። ቴስተሩን ቀጥታ ቮልት ላይ አድርገህ ጥቁሩን ጫፍ ንጹሕ ብረት አስነካና በቀዩ ጫፍ አንድ በአንድ ለካ። ቁልፉ ተዘግቶ 12 የሚያሳየው የማይቋረጠው ነው። ቁልፉን በመጀመሪያው ደረጃ ስትከፍተው የሚመጣው የምትፈልገው ነው። ሰዎች ከቁልፉ መስመር ጋር የሚያምታቱት አረንጓዴውን ነው፤ ስለዚህ ስትለካ የፊት መብራቱን አብርተህም አጥፍተህም ተመልከት። ዳሽቦርዱን ስትፈታ ቢጫ ሽፋን ወይም ቢጫ ሶኬት ያለው የሽቦ ጥቅል ካጋጠመህ የኤርባግ ነውና አትለካው፣ አትንካው። ከለካህ በኋላ ሽቦ መቁረጥ ሳትጀምር የሁለቱንም ባትሪዎች ኔጌቲቭ ፍታ።

ማሳውን በተመለከተ፣ የሁለተኛውን ባትሪ ኔጌቲቭ ወፈር ባለ ካቦ ከመኪናው አካል ጋር አገናኘው፤ ቀለሙን ፍቀህ በብሎን አጥብቀው። ይህ መታለፍ የለበትም። የቴፑ አካል በማቀፊያ ብረቱም ሆነ በአንቴናው ገመድ የውጭ መረብ በኩል ከመኪናው ጋር ተገናኝቷል፤ ኔጌቲቩ ሳይገናኝ ፖዘቲቭ ብቻ ብታመጣ ቴፑ ጨርሶ አይበራም፤ ደካማ ማሳ ብትሰጠው ደግሞ ኃይሉ የሚመለስበትን መንገድ በአንቴናው ገመድ ሲፈልግ ጩኸትና ሙቀት ታገኛለህ።

ወልድያ መስመር

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ዳዮድ ካስቸገረ አምስት እግር ያለው ሪሌ (ኃይል ሲያገኝ መስመር የሚያዞር ማብሪያ) አይሻልም ወይ? በእግሮቹ ላይ በተጻፉት ቁጥሮች 85ና 86 ላይ የቁልፉ መስመርና ማሳ፣ 30 ላይ ቴፑ፣ 87 ላይ የሞተሩ ባትሪ፣ 87ኤ ላይ የአልጋው ባትሪ ቢደረግ፣ ቁልፉ ሲከፈት ቴፑ ወደ ሞተሩ ባትሪ ይዞራል፣ ሲዘጋ ወደ ሌላው ይመለሳል። የአልጋው ባትሪ ባዶ ቢሆን እንኳ በጉዞ ላይ ሬዲዮ አይቋረጥም።

የደሴ ኤሌትራውቶ

ጥሩ አሠራር ነው። እንዲያውም ቁልፉ ሲከፈት ብቻ እንዲነሣ ማሰብህ ተገቢ ነው፤ የሪሌው ጥቅል ወደ 150 ሚሊ አምፔር ስለሚወስድ መኪናው ቆሞ እያለ ተነሥቶ እንዲያድር ማድረግ ባትሪ በከንቱ ማባከን ነው። በመዞሪያዋ ቅጽበት ኃይሉ ስለሚቋረጥ አንዳንድ ቴፕ ጠፍቶ ይበራል፤ በተረፈ ጉዳት የለውም። ሆኖም ቀዩን በማብሪያ ለይተህ ማስኬድ አሁንም ያስፈልግሃል፤ አለበለዚያ 30 ላይ ቀዩንና ቢጫውን ካሰርክ ቀደም ሲል አንተው ወደ ጠቀስከው መርሳት ተመለስን። ምርጫው የጠያቂው ይሁን፤ እኔ የምወደው የሚንቀሳቀስ አካል የሌለውን ነው።

የጭነት ሾፌር

አሰላሙ አለይኩም ወንድሞቼ። እኔ የማሽከረክረው አይሱዙ ሲሆን ባትሪዎቹ ሁለት፣ ኃይሉም 24 ቮልት ነው። ቴፑ ግን 12 ቮልት ስለሆነ ከአንደኛው ባትሪ ላይ ብቻ ተወስዶ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ቁልፍ ባይኖርም ይጫወታል። በጅቡቲ መስመር ሌሊት ተራ ስንጠብቅ እንደ ልባችን እናዳምጣለን። ቅር የሚለኝ አንደኛው ባትሪ ከሌላው ቶሎ መሞቱ ነው። ከቴፑ ጋር ይገናኛል ትላላችሁ?

የደሴ ኤሌትራውቶ

ወአለይኩሙ ሰላም። ይገናኛል፤ ይህ ከሁሉም የከፋው አሠራር ሆኖ ሳለ በየጭነት መኪናው የምናየው እርሱን ነው። ሁለቱ ባትሪዎች በተርታ ስለተያያዙ ዲናሞው የሚሰጠው ቻርጅ በሁለቱም እኩል ያልፋል፤ የሚወሰደው ግን እኩል አይደለም። ቴፑ የተወሰደበት ሁልጊዜ ጎደሎ ሆኖ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ይነጣሉ፤ ሌላው ደግሞ ሞልቶ እያለ ስለሚጨመርበት ውኃው እየፈላ ይጎድላል። አንደኛውን ብቻ በአዲስ ብትቀይረው አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። መፍትሔው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ ከሁለቱም ጫፍ ላይ ማሰር ነው። ለአንድ ቴፕ ባለ 10 አምፔር ይበቃል። መቀየሪያው ቴፑ ጠፍቶም ቢሆን በትንሹ ስለሚበላ ማብሪያውን ከመቀየሪያው በፊት አድርገው።

የሐይቋ

ከላይ ላለው ውይይት አመሰግናለሁ። አንድ ያልተነሣ ነገር አለ፤ ወንድሜ ቦርከና ዳር ይህን ሁሉ ከመድከሙ በፊት ቁልፉን በመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ከፍቶ ቢያዳምጥ ምን ይጎዳዋል? ደግሞስ ባትሪው እውነት ስንት ሰዓት ይቆያል?

የደሴ ኤሌትራውቶ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ማዳመጥ በጤነኛ ባትሪ ላይ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው አንድ ደረጃ ማለፉ ነው፤ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የነዳጅ ማቋረጫው ሶሌኖይድ፣ የዳሽቦርዱ መብራቶችና ሌሎችም አብረው ይነሣሉ፤ ያ ሁሉ ከቴፑ የበለጠ ይበላል። በዚያ ላይ ልጆች ባሉበት ቁልፍ ተሰክቶ ማደር የለበትም።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ በመካከለኛ ድምፅ የሚሠራ ቴፕ ከ1 እስከ 1.5 አምፔር ያህል ይወስዳል። በላዩ ላይ «4 ጊዜ 50 ዋት» ተብሎ የተጻፈውን ከቁም ነገር የምትቆጥሩት እንዳትሆኑ፤ ፊውዙ 10 አምፔር ከሆነ በ12 ቮልት ከ120 ዋት በላይ ሊገባበት አይችልም፤ ያልገባ ደግሞ አይወጣም። ስድስት ሰዓት በ1.5 አምፔር ብታዳምጡ 9 አምፔር ሰዓት ነው። እርሳስ ያለው ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣልና ከ100 ውስጥ 50ው ለሥራ ነው ብላችሁ ያዙ፤ መብራቱና ስልኩ ከእርሱ ላይ ይቀነሳል። ብርድም ይቀንሳል፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ባትሪው የሚሰጠው ከሙሉው 80 በመቶ ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ የበቃ ስሌት ግሸን አምባ ላይ ላይበቃ የሚችለው ለዚህ ነው። ሌሎቹን አጥፍታችሁ ባትሪው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፤ 11.9 ከደረሰ ባዶ ነው በሉት።

የሞተሩ ባትሪ ለዚህ ሥራ የማይመረጠው በመጠኑ ማነስ አይደለም። ሳህኖቹ ቀጫጭን ሆነው የተሠሩት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጡ ነው፤ በቀስታ እስከ ታች ማውረድ ያበላሻቸዋል።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

የአልጋው ባትሪ የሚሞላው ሞተሩ ሲነሣ ከዲናሞው ነው። በመካከላቸው ያለችው ባለ ሁለት ወፍራም ብሎን ሪሌ ናት፤ እርሷ ሁለቱን አገናኝታ እንዳታሳድራቸው እንዴት አረጋግጣለሁ?

የደሴ ኤሌትራውቶ

ሞተሩን አጥፍተህ ጥቂት ከጠበቅህ በኋላ የሁለቱን ባትሪዎች ቮልት ለየብቻ ለካ፤ ከዚያ የአልጋውን መብራቶች በሙሉ አብርተህ ድጋሚ ለካ። የአልጋው ሲወርድ የሞተሩ ባለበት ከቆመ ተለያይተዋል። ቮልት ለክታ የምትሠራ ዓይነት ሪሌ ከሆነች ወደ 13.3 ሲደርስ አገናኝታ ወደ 12.8 ሲወርድ ትለያለች፤ ስለዚህ ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ባትለይ አትደንግጥ።

የሐይቋ

የእኔ መኪና ቴፕ ከጃፓን የመጣበት ነው፤ ሞተር ጠፍቶ እንዲጫወት ሽቦውን አሠርቼ ነበር፤ ይሠራል፣ ግን ኤፍኤሙ ከ90 በላይ አይሄድም። ይህም ከሽቦው ነው?

ወልድያ መስመር

አይደለም እህቴ። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ስለሚጀምር የቀድሞዎቹ ቴፖች 90 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃሉ፤ የእኛ ጣቢያዎች ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ናቸው። አንቴናው ላይ የሚሰካ የጣቢያዎቹን ሞገድ ማውረጃ አለ፤ ነገር ግን እኔ ብሆን ቴፑን እቀይረዋለሁ።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ሥራው ተጠናቋል፤ የሆነውን ላስቀምጥ። የመኪናውን የማይቋረጥ ሽቦ ፈትቼ ሸፈንኩት፤ ከአልጋው ባትሪ አዲስ 2.5 ካሬ አመጣሁ፤ ሁለቱን ዳዮዶች አስገባሁ፤ ማብሪያዋን ከመሪው በስተግራ ተከልኳት። ቴስተሩን በአምፔር አድርጌ በተርታ ስለካ ቢጫው ላይ በመካከለኛ ድምፅ 1.2 አምፔር፣ ቀዩ ላይ ግን ከ20 ሚሊ አምፔር በታች ነው ያገኘሁት፤ ጋሼ እንዳሉት ቀዩ በእርግጥ ምልክት ብቻ ነው። ማብሪያዋን ሳጠፋ ቢጫው ወደ 6 ሚሊ አምፔር ይወርዳል። ቁልፉ በኪሴ ሆኖ መለኮሻው ላይ የተሰካው ቻርጀር አይበራም።

የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። በመካከለኛ ሞገድ ስከፍት እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሩ ስለጠፋ የዲናሞው ሊሆን አይችልም። ሌላው፣ ከቴፑ ጀርባ ያለው ፊውዝ 15 ሲሆን እኔ ከባትሪው አጠገብ ያደረግሁት 10 ነው።

የደሴ ኤሌትራውቶ

ደግ ሠርተሃል። 6 ሚሊ አምፔር በወር ከ4.5 አምፔር ሰዓት አይበልጥምና መኪናውን ሳታስነሣ ለሳምንታት ብትተወውም አያሰጋም። አሮጌ ባለ ካሴት ቴፕ ያላችሁ ሰዎች ግን ይህን ልኬታ ሳትወስዱ ዳዮዱን አትኮርጁ፤ ከእነዚያ ውስጥ በአንዳንዶቹ ዋናው ኃይል የሚገባው በቀዩ ስለሆነ 1 አምፔሩ ዳዮድ ይቃጠላል፤ 1ኤን5408 የተባለው 3 አምፔር የሚሸከመው ይሻላቸዋል።

ለጉርምርምታው የአልጋውን ነገሮች አንድ በአንድ እያጠፋህ አዳምጥ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የስልኩን ርካሽ ዩኤስቢ ቻርጀር ንቀል፤ ቀጥሎ የኤልኢዲ መብራቶቹን አጥፋ፤ ኢንቨርተር ወይም የሶላር መቆጣጠሪያ ካለህ እነርሱንም። እነዚህ ሁሉ ኃይሉን በፍጥነት እየቆራረጡ ስለሚሠሩ ጩኸታቸው በመካከለኛ ሞገድ ላይ ያርፋል፤ ኤፍኤም ላይ ብዙም አይሰማም። የተገኘውን ጥፋተኛ ከአንቴናው ገመድ አርቀው።

ፊውዙን 10 ላይ ተወው። ድምፁን ከፍ ስታደርገው የሚቃጠል ከሆነ 15 አድርገው፤ 2.5 ካሬው ይሸከመዋል፤ ከ15 በላይ ግን አታስገባ።